ማስታወቂያው ተረት፣ ፊልሙ ጦርነት፤ «ፓንስ ላቢሪንት»ን ያያችሁ እስቲ ኑ

ቤቲ ከገርጂ፦

ሰላም ናችሁ የፊልም ሰዎች። ተናድጄ ነው የምጽፈው፣ ከአሁኑ እወቁልኝ። የእህቴ ልጅ ትምህርት ስለተዘጋ እኔ ጋ ናት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ተረት ካገኘች ምግብም አትፈልግ። ዩቲዩብ ላይ የአንድ ፊልም ማስታወቂያ አየን። ጫካ አለ፣ መጽሐፍ ያቀፈች ልጅ አለች፣ የምትበር ትንሽዬ ነገር አለች፣ ቀንዳም ፍጡር አለ። ሙዚቃው ልብ ይነካል። ከላይ ወፍራም ድምፅ ያለው ሰውዬ በእንግሊዝኛ ይተርካል። «ቤቲዬ ይሄን! ይሄን!» አለች። ሰፈራችን ፊልም የሚጭነው ልጅ ጋ ስሄድ ደግሞ ፊልሙ «የልጆች» የሚል ፎልደር ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት። ከዚህ በላይ ምን ማረጋገጫ ልጠይቅ?

ቤት ገብተን ከፈትነው። እንግሊዝኛ የሚባል ነገር የለም፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስፓኒሽ ነው። ይሁን፣ ከታች ጽሑፉ ስላለ እያነበብኩ እነግራታለሁ ብዬ ቀጠልኩ። የወታደር መኪና መጣ፣ ነፍሰ ጡር እናት መጣች፣ ፊቱ የማይፈታ ካፒቴን መጣ። አሁንም ይሁን፣ ተረት ላይ ክፉ የእንጀራ አባት ያለ ነው። ከዛ ጥንቸል ሊያድኑ የወጡ አባትና ልጅ ተይዘው መጡና ካፒቴኑ ጠርሙስ አነሳ። የቀረውን አልጽፈውም፣ ያየ ያውቀዋል። ሪሞቱን ፍለጋ ትራሱን ሁሉ ገለባበጥኩት። ልጅቷ «ሰውየው ሞተ?» እያለች ትጠይቀኛለች።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። እንዲህ አድርጎ ማስተዋወቅ ይቻላል እንዴ? ማን ነው እንዲህ የሚቆርጠው፣ ዳይሬክተሩ ነው ወይስ ሻጩ? ደግሞስ ፊልሙን ብቻዬን ልጨርሰው ወይስ ይቅርብኝ? ለልጅቷ የሚሆን ሌላ ነገር የምታውቁም ጠቁሙኝ፣ ቃል ገብቼላታለሁ።

የማታ ተመልካች፦

ቤቲ፣ አይዞሽ፣ በዚህ ፊልም የተናደድሽው አንቺ ብቻ አይደለሽም። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው። ፊልሙ የ2006 ነው፣ የሠራው ሜክሲኳዊው ጊዬርሞ ዴል ቶሮ። ታሪኩ ስፔን ውስጥ ነው፣ በ1944። የእርስ በርስ ጦርነቱ በ1939 በአምባገነኑ ጄኔራል ፍራንኮ አሸናፊነት አልቋል፣ ተራራው ላይ ግን እጅ ያልሰጡ ሽምቅ ተዋጊዎች አሉ። ካፒቴን ቪዳል የተላከው እነሱን ሊጨርስ ነው። ልጅቷ ኦፌሊያ የእንጀራ ልጁ ናት። እናቷ አርግዛ ወደሱ ስትመጣ አብራ መጣች። እዛ ካለው አሮጌ የድንጋይ ጥምዝምዝ መንገድ (ላቢሪንት የሚሉት እሱን ነው) ውስጥ የፍየል ቀንድና እግር ያለው ፍጡር አግኝታ፣ አንቺ የምድር ውስጥ መንግሥት ልዕልት ነሽ ይላትና ሦስት ፈተና ይሰጣታል። ይሄ ተረቱ ነው። ጎን ለጎን ደግሞ ግርፋት፣ ግድያ፣ ረሃብ አለ። እንዲያውም በሰዓት ቢለካ የካፒቴኑ ክፍል ሳይበልጥ አይቀርም። ማስታወቂያው ተረቱን ቆርጦ ወሰደና ካፒቴኑን ከበስተጀርባ ደበቀው።

ለምን ካልሽ ጊዜውን አስቢው። ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ ገና ከሰው አፍ አልጠፋም፣ ሃሪ ፖተር እየተከታተለ ይወጣል፣ በ2005 መጨረሻ ደግሞ ናርኒያ መጣ። ናርኒያ ላይ የፍየል እግር ያለው ደግ ፍጡር እንዳለ ታስታውሺያለሽ። ስለዚህ ሰው ቀንዱንና ልጅቷን አንድ ላይ ሲያይ ጭንቅላቱ ውስጥ የሚመጣው ምን እንደሆነ ሻጮቹ ጠንቅቀው ያውቃሉ። ቤተሰብ ይዞ የሚገባ ፊልም ነው ብሎ እንዲያስብ ማንም አልነገረውም፣ ብቻ ማንም አታስብ አላለውም።

የቋንቋው ነገር ደግሞ የቆየ ዘዴ ነው። አሜሪካ ውስጥ ጽሑፍ እየተነበበ የሚታይ ፊልም ገበያ የለውም የሚል ፍርሃት አለ። ፓራሳይትን የሠራው ኮሪያዊው ቦንግ ጁን ሆ በ2020 ጎልደን ግሎብ ሲሸለም ስለዚችው የአንድ ኢንች ጽሑፍ ነበር ያወራው፣ እሷን የተሻገረ ስንት ፊልም ይጠብቀዋል ብሎ። ሻጮቹ ግን ከማሻገር መደበቅ ይቀላቸዋል። ምልክቱን ልንገርሽና ለወደፊት ያግዝሽ። ማስታወቂያ ላይ ሰዎቹ የሚያዩ፣ የሚሮጡ፣ የሚጮሁ ብቻ ከሆኑና አንድም ሰው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ካልተናገረ፣ በተለይ ተራኪ ከተጨመረበት፣ ፊልሙ እንግሊዝኛ አይደለም። ይሄ ብዙ ጊዜ አይስትም።

ዳይሬክተሩን ግን አትርገሚው። በእንግሊዝኛ ከሠራኸው የበለጠ ገንዘብ እንሰጥሃለን ተብሎ እምቢ ያለ ሰው ነው። የእንግሊዝኛውን የግርጌ ጽሑፍ ራሱ ነው የጻፈው፣ ምክንያቱም የቀድሞ ፊልሙ አተረጓጎም አበሳጭቶት ነበር። ለቋንቋው እንዲህ የተጨነቀ ሰው ስፓኒሹን ደብቁልኝ አይልም። ፊልም የሚሠራና ፊልም የሚሸጥ ሌላ ሌላ ሰው ነው።

በነገራችን ላይ ቀንዳሙን ፍጡር የተጫወተው ዳግ ጆንስ አሜሪካዊ ነው፣ ስፓኒሽ አይችልም ነበር። ቃላቱን ሸምድዶ ነው የተጫወተው፣ በኋላ የሌላ ተዋናይ ድምፅ ተደረበበት። ዓይኖቹ መዳፉ ላይ ያሉት አስፈሪው ገርጣጣ ፍጡርም እሱ ነው። እዛ ሳትደርሱ ማጥፋትሽ አንድ ነገር ነው፣ ልጅቷ ለወር አትተኛም ነበር።

ዳኒ ፍላሽ፦

እኔ ራሴ ፊልም የምጭን ሰው ነኝና የሙያ ባልደረባዬን ልከላከል 😂 ሰሚኝ ቤቲ፣ በቀን የሚገባው ፊልም መዓት ነው። ማን ቁጭ ብሎ ያየዋል? ፖስተሩን ነው የምናየው። ሽጉጥ ካለ አክሽን፣ ሁለት ሰው ከተቃቀፈ ፍቅር፣ ሕፃን ልጅና ጫካ ካለ የልጆች። ፖስተሩ ላይ አንዲት ልጅ ትልቅ ዛፍ ፊት ቆማለች፣ ጨረቃ አለች። እኔም «የልጆች» ነበር የማደርገው፣ እውነቱን ልንገርሽ። ፈረንጆቹ አስበውበት እኛን ከሸወዱን እኛ ምን እናድርግ።

ሰሎሞን 6 ኪሎ፦

እኔ አልስማማም፣ ይቅርታ። ማስታወቂያው ላይ ካሉት ምስሎች አንዱንም ፊልሙ ላይ አላገኘሁትም የሚል ሰው አለ? ሁሉም አለ። ፍጡሩ አለ፣ ጫካው አለ፣ ልጅቷ አለች። ውሸት ማለት የሌለውን አለ ማለት ነው። ደግሞ ፊልሙ አሜሪካ ውስጥ አር የሚል ደረጃ ነው የተሰጠው፣ ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ትልቅ ሰው እንዳይገባ ማለት ነው። እንግሊዝ ደግሞ ከ15 በታች ጭራሽ አይገባም። ተደብቆ የነበረ ነገር አይደለም።

ፊልሙ ራሱማ ከማንም በላይ ሐቀኛ ነው። የመጀመሪያው ምስል ምንድነው? ልጅቷ መሬት ላይ ተኝታ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣ ከአፍንጫዋ የወጣው ደም ወደ ኋላ እየተመለሰ። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ የት እንዳለሽ ነግሮሻል። እዛ ላይ ማጥፋት ይቻል ነበር።

ሌላው፣ ሐቁን ይዘው ቢሸጡትስ? «በፍራንኮ ዘመን ስለነበረ ጨካኝ መኮንን የሚያሳይ የስፓኒሽ ፊልም» ብለው ቢለጥፉ ማን ይገባል? በ19 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሠርቶ በዓለም ላይ ከ80 ሚሊዮን በላይ አስገባ። ስድስት የኦስካር ዕጩነት፣ ሦስት ኦስካር፤ ለቀረጻ፣ ለመድረክ ግንባታ፣ ለሜካፕ። ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ሲታይ ሰው ከ20 ደቂቃ በላይ ቆሞ አጨበጨበ። በተረቱ ተስቦ የገባ ስንቱ ነው ወጥቶ ስለ ስፔን ያነበበው። እኔ አንዱ ነኝ። ለእንዲህ ዓይነት ሽወዳ ቅር አይለኝም።

ቤቲ ከገርጂ፦

ሶል፣ አር ምናምን ያልከው ምልክት ማስታወቂያው ላይ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ነገር ነው፣ ያውም ካለ። እኔ ያየሁት አንዱ ቆርጦ የለጠፈው ነበር፣ ምንም አልነበረውም። የተጫነ ፊልም ላይ ደግሞ ምን ምልክት አለ? የፋይል ስም ብቻ ነው። ደሙ ላልከው ደግሞ፣ ስንዋይት ውስጥም ልጅቷ ወድቃ ትተኛለች። ተረት እንዲህ ይጀምራል ብዬ ነው ያየሁት።

«ሁሉም ምስል ፊልሙ ላይ አለ» ያልከው ነው ያናደደኝ። ምስር ወጥ ብለህ አዘህ፣ ያውም በሁዳዴ፣ ከሥሩ ሥጋ ሲወጣ «ምስሩም እኮ አለ» ይባላል? ያልተነገረኝ ነው ችግሩ። ሲኒማ ከፍዬ ገብቼ ቢሆን ብሬን ነበር የምጠይቀው።

ማሜ ሜሪላንድ፦

ብር መጠየቁን በተመለከተ ትንሽ የማውቀው አለኝ፣ እዚህ ሰዉ ለሁሉም ነገር ፍርድ ቤት ስለሚሄድ። ሚሺጋን ውስጥ አንዲት ሴት በ2011 «ድራይቭ» የሚባለውን ፊልም አይታ ከሰሰች፣ ማስታወቂያው የመኪና ማሳደድ አስመስሎ ቀስ ያለ ፊልም አሳየኝ ብላ። አልተሳካላትም።

ከዛ የበለጠ የሚገርመው «የስተርዴይ» የሚለው የ2019 ፊልም ላይ የመጣው ነው። ተዋናይዋ አና ዴ አርማስ ማስታወቂያው ላይ አለች፣ ፊልሙ ላይ ግን ክፍሏ ተቆርጦ ወጥቷል። ሁለት ሰዎች በ3 ዶላር ከ99 ሳንቲም ተከራይተው አዩና እሷን ብለን ነው የከፈልነው ብለው ከሰሱ። እንደነሱ ለተታለለ ሁሉ ይከፈል ብለው ቢያንስ 5 ሚሊዮን ዶላር ጠየቁ። የፊልም ድርጅቱ ማስታወቂያ የፈጠራ ሥራ ነው፣ ሐሳብን በነፃ የመግለጽ መብት ይጠብቀዋል ብሎ ተከራከረ። በ2022 መጨረሻ ካሊፎርኒያ ያለ የፌዴራል ዳኛ፣ አይ፣ ማስታወቂያ ንግድ ነው፣ ሐሰተኛ ማስታወቂያን የሚከለክለው ሕግ ይነካዋል አለ።

ቤቲ ገና እልል አትበይ። ዳኛው ነገሩን በጣም ነው ያጠበበው። የሚመለከተው አንድ ተዋናይ ወይም አንድ ትዕይንት ፊልሙ ላይ አለ ወይስ የለም የሚለውን ብቻ ነው። የፊልሙ መንፈስ ሌላ ነበር፣ አስደሳች መስሎኝ አስለቀሰኝ የሚለውን አያይም። ስለዚህ በሕግ ከሄድን ሶል ነው ያሸነፈው፣ ፍጡሩም ልጅቷም አሉ። ከሕግ ውጭ ግን የሲኒማ ቤቱ ደግነት አለ። በ2012 እንግሊዝ ሊቨርፑል ውስጥ «ዘ አርቲስት» ሲታይ፣ ድምፅ አልባ ፊልም መሆኑን ያላወቁ ሰዎች ተነስተው ወጡና ገንዘባቸው ተመለሰላቸው። ያ ፊልም በዛው ሰሞን የዓመቱ ምርጥ ፊልም ተብሎ ኦስካር ወሰደ 😀

ጋሽ አንባቢ፦

ልጆች፣ ክርክራችሁን ሳነብ ቆየሁ። ስለ ቋንቋው ብዙ አትጨነቁ። እኛ በወጣትነታችን የህንድ ፊልም ያለ ምንም ጽሑፍ ሦስት ሰዓት ቁጭ ብለን አይተን፣ አልቅሰን፣ ዘፈኑን ይዘን ነው የምንወጣው። ስፓኒሽ አያስፈራንም።

እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ማስታወቂያው የደበቀው ጦርነት ለኛ ሩቅ አይደለም። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም ነው። የስፔኑ ጦርነት የተነሳው በዛው ዓመት ሐምሌ ላይ ነው፣ ሦስት ወር እንኳ አልሞላም። ያው ሙሶሊኒ ነው ለፍራንኮ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ወታደርና አውሮፕላን የላከው። ፊልሙን በዚህ ዓይን ስታዩት ካፒቴኑ አዲስ ሰው አይሆንባችሁም። አያቶቻችን የነገሩን ዓይነት መኮንን ነው። ጫማው የተወለወለ፣ ሰዓቱን የሚያይ፣ ሰው ገድሎ ወደ እራቱ የሚመለስ።

ሜርሴዴስ የምትባለውን የቤት ሠራተኛ ልብ በሏት (ያላያችሁ ይሄን ዝለሉት)። ካፒቴኑን ታበላለች፣ ቤቱን ትይዛለች፣ የመጋዘኑ ቁልፍ እሷ ጋም አለ። ማታ ማታ ደግሞ ተራራ ላይ ላለው ወንድሟ ምግብ፣ መድኃኒት፣ ደብዳቤ ታወጣለች። ዶክተሩም እንዲሁ፣ ቀን የካፒቴኑን ሚስት ያክማል፣ ማታ የቆሰሉትን። ምን ትሏቸዋላችሁ? የውስጥ አርበኛ ናቸው። እኛ አገር እንደዚህ ከጣሊያን ቤት እየሠሩ ጫካ ላለው አርበኛ መረጃና ጥይት ያሻገሩ ሴቶች ብዙ ናቸው፣ ፊልም ግን አልተሠራላቸውም። እኔ ያንን ፊልም ሳይ ልጅቷን ረስቼ ሜርሴዴስን ነው ስከተል ያመሸሁት። በተለይ ድንች የምትልጥበትን ትንሽ ቢላዋ ሽርጧ እጥፋት ውስጥ ስትደብቅ።

አንድ ነገር ልጨምር። ወታደሮቹ ዳቦ በራሽን ያድላሉ፣ ሕዝቡ ተሰልፏል። ካፒቴኑ በሌላ በኩል ሞልቶ በተረፈ ማዕድ ራስጌ ተቀምጧል። ከዛ ኦፌሊያ ወደ ተረቱ ትገባለች። እዛም ያ ዓይነ መዳፉ ፍጡር በሞላ ማዕድ ራስጌ ተቀምጧል። አቀማመጡ አንድ ነው፣ ሰውየው አንድ ነው። እንግዲህ ማስታወቂያው አንዱን ማዕድ አሳይቶ አንዱን ሲደብቅ፣ ፊልሙን ነው ለሁለት የቆረጠው። ቤቲ ልጄ፣ የተቆጣሽው ልክ ነው ባይ ነኝ። ግን ብቻሽን ጨርሺው።

ሰሎሞን 6 ኪሎ፦

ጋሼ፣ እርስዎ የጻፉትን ፖስተሩ ላይ ቢያደርጉት ትኬቱን ሁለቴ ነበር የምገዛው።

ሃኒ የመንታ እናት፦

ቤቲዬ፣ ልጅቷን ማን አሰባት? እኔ ልምጣልሽ። «ማይ ኔይበር ቶቶሮ» አሳያት፣ የጃፓኑ ሚያዛኪ፣ የ1988። ሁለት እህትማማቾች፣ ትልቅ ጠጉራም ለስላሳ ፍጡር፣ ክፉ ሰው ጭራሽ የለበትም። እናትየው ሆስፒታል ናት፣ እሱን ብቻ ቀድመሽ ንገሪያት። በእንግሊዝኛ የተቀዳውም አለ፣ አንብበሽ መተርጎም አይጠበቅብሽም። «ስፒሪትድ አዌይ»ም አሪፍ ነው፣ የኦስካር ነው፣ ግን መጀመሪያው ላይ እናትና አባት አሳማ ይሆናሉ። የኔዎቹ አንዷ ሳቀች፣ አንዷ አለቀሰች። አጠገቧ ቁጭ በይ።

ካርቱን ሁሉ የልጅ ነው ብለሽ ደግሞ «ግሬቭ ኦፍ ዘ ፋየርፍላይስ»ን እንዳትከፍቺ። የዛው ስቱዲዮ ነው፣ በጦርነት ጊዜ ስለሚራቡ ሁለት ልጆች። ጃፓን ውስጥ ከቶቶሮ ጋር በአንድ ቀን፣ በአንድ ትኬት ነበር የወጣው። አስቡት፣ ቶቶሮ ብሎ ልጁን ይዞ የገባ አባት። «ብሪጅ ቱ ተራቢትያ»ም እንዲሁ ተጠንቀቂ፣ የ2007 ነው፣ ማስታወቂያው ናርኒያ የሚያህል ፍጡር አሳይቶ ፊልሙ ግን ጓደኛ ስለማጣት ነው። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ መጥፎ አይደለም፣ ግን ሶፍት ይዘሽ።

እኔ ማስታወቂያ ማመን ካቆምኩ ቆየሁ። አይኤምዲቢ የሚባለው የፊልም መረጃ ድረ ገጽ ላይ የፊልሙን ስም ከፍተሽ «ፓረንትስ ጋይድ» የሚለውን ንኪ። ደሙም፣ ስድቡም፣ አስፈሪውም አንድ በአንድ ተጽፏል። ጠርሙሱንም እዛ ታገኚው ነበር።

ቤቲ ከገርጂ፦

ሃኒዬ ተባረኪ፣ ቶቶሮን ዛሬ ጭኜ እወስድላታለሁ። ጋሽ አንባቢ፣ በእርስዎ ምክር ትናንት ልጅቷ ከተኛች በኋላ ጨረስኩት። ሜርሴዴስ ቢላዋውን ስታወጣ ቆሜ ነበር፣ ጎረቤት ሰምቶኛል። ፊልሙ ይገርማል፣ ሻጮቹን ግን አሁንም አልማርኩም።

አንድ ነገር ግን ግራ ገባኝ (ስፖይለር አለው)። ልጅቷ ያየችው ሁሉ እውነት ነው ወይስ በጭንቀት የፈጠረችው? መጨረሻው ላይ ካፒቴኑ ሲደርስ ከማንም ጋር አይደለችም፣ ብቻዋን ነው የምታወራው። ቀንዳሙ አይታየውም።

ሰሎሞን 6 ኪሎ፦

የፈጠረችው ነው። በዛ ቤት ውስጥ ያለች ልጅ ሌላ ምን መሸሻ አላት? ካፒቴኑ ያላየው ስለሌለ ነው።

የማታ ተመልካች፦

ሶል፣ ታዲያ ከክፍሏ እንዴት ወጣች? በር ተቆልፎባታል፣ ውጭ ዘበኛ አለ። ግድግዳው ላይ በጠመኔ በር ስላ ነው የወጣችው፣ ጠመኔውን ካፒቴኑ ራሱ ጠረጴዛው ላይ አገኘው። ዴል ቶሮም ለኔ እውነት ነው ብሏል። ጠመኔውን አስረዳኝና እስማማለሁ።